የጓሮ አፈርን ማወቅና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተክል ሲጎዳ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ቢጫ ሆነ፣ ጠወለገ፣ ቀጨጨ እንላለን። ከዚያ ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት ፍለጋ እንሮጣለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን የጓሮ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት ቆፍራችሁ እዩ። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ።

አፈሬ ደህና መሆኑን በምን ላውቅ?

ዝናብ ከጣለ ወይም በደንብ ውሃ ካጠጣችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ውጡ። አፈሩ ረጥቦ ግን ሳይጨቀይ ማለት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ አካፋ ሙሉ አፈር አውጡና ፕላስቲክ ላይ ዘርግፉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ በእጃችሁ ፈርፍሩት። ጤነኛ አፈር እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይበተናል። የተጎዳ አፈር ወይ እንደ ድንጋይ በጓል በጓል ይወጣል፣ ወይ እንደ ዱቄት ይበናል።

የአፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው ስል ብዙ ሰው ይገረማል። ጥሩ የጓሮ አፈር በይዘት ሲለካ 45 በመቶ ያህሉ ከድንጋይ የደቀቀ ማዕድን ነው። 5 በመቶ ያህሉ የበሰበሰ ወይም በመበስበስ ላይ ያለ ነገር ነው። የቀረው ቀዳዳ ነው፤ ከፊሉን ውሃ፣ ከፊሉን አየር ይሞላዋል። ሥርም እንደ እኛ ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር ካጣ ውሃ መሃል ቆሞም ይጠወልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው «ውሃ ጠማው» ብሎ ሌላ ባልዲ ይደፋበታል።

አሽትቱትም። ጤነኛ አፈር ዝናብ ሲጀምር የሚመጣውን ደስ የሚል ሽታ ይሸታል። ሽታውን የሚሠሩት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ንጥረ ነገሩ ጂኦስሚን ይባላል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ ግን አየር የለውም። ግራጫ አፈር ላይ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ ካያችሁም ውሃ ይተኛበታል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሥሮቹን ተመልከቱ። ወደ ታች ሲወርዱ ቆይተው ድንገት ወደ ጎን ከታጠፉ፣ እዚያ ቦታ ላይ የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ። ያን ንጣፍ የትኛውም ማዳበሪያ አይፈታውም።

ሸክላ ይሁን አሸዋ ይሁን እንዴት ልለይ?

ፈጣኑ መንገድ በእጅ ነው። አንድ እፍኝ አፈር አርጥቡና እንደ ሊጥ እሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ጨርሶ ካልተያያዘ አሸዋማ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ መካከለኛ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከሄደ ሸክላው አመዝኗል። ስታሹት ሻካራ ሳይሆን እንደ ዱቄት ለስለስ ካለ ደግሞ ደለል በዝቶበታል።

በቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀጥ ያለና አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ዕቃ ፈልጉ። ሲሶውን በተነፋ አፈር ሙሉት። ውሃ ጨምሩበት፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም አድርጉበት። ክዳኑን ዘግታችሁ ለጥቂት ደቂቃ በኃይል ናጡት። ከዚያ አስቀምጡትና አትንኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሸዋው ከታች ይተኛል፤ ምልክት አድርጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደለሉ ይደረብበታል፤ እንደገና ምልክት አድርጉ። ሸክላው ግን አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳልና። የየንብርብሩን ቁመት ለጠቅላላው ብታካፍሉት መቶኛው ይወጣላችኋል። 40 በመቶ አሸዋ፣ 40 በመቶ ደለል፣ 20 በመቶ ሸክላ አካባቢ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

ሸክላ ያላችሁ ግን አትዘኑ። እንደ ዋልካ ያለው ሸክላ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲረጥብ ጫማ ላይ ይለጠፋል። ለማረስ ያስቸግራል እንጂ ሀብታም ነው። የሸክላ ቅንጣት አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስላለው ካልሲየምን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዥየምን ይዞ ያቆያል። አሸዋ ላይ ውሃ ይዞት የሚሄደውን ምግብ ሸክላ ጓዳው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ችግሩ የምግብ ሳይሆን የአየር ነው።

ታዲያ ሸክላው ላይ አሸዋ ብደባልቅበት አይላላም?

ኧረ በጭራሽ። ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ብዙ ደክሜ አሸዋ አጋዝኩና ከሸክላው ጋር ቀላቀልኩት። ዝናቡ ሲያባራ መደቡ ጡብ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንሽ አሸዋ ሲገባ ሸክላው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። አሸዋው እንዲያላላ ከተፈለገ ከጠቅላላው አፈር ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ይህን ያህል አሸዋ ማን ይጭናል?

ሸክላን የሚፈታው ብስባሽ፣ ማለትም ኮምፖስት ነው። ረቂቅ ሕዋሳት ብስባሹን ሲበሉ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ያወጣሉ። የፈንገስ ክሮችም ቅንጣቶቹን ያስራሉ። በዚህ መንገድ ደቃቁ ሸክላ ፍርፋሪ ይሆናል፣ በፍርፋሪው መካከልም አየርና ውሃ መተላለፊያ ያገኛሉ። ጂፕሰም ተብሎ የሚመከረው፣ ካልሲየምና ድኝ ያለበት ማዕድንም አለ። እሱ የሚጠቅመው ሶዲየም ለበዛበት አፈር ነው፤ ለተራ ሸክላ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አፈሬ አሸዋማ ነው። ውሃ ባጠጣም ወዲያው ይደርቃል።

መድኃኒቱ ያው ብስባሽ ነው። እዚህ ላይ ሥራው እንደ ስፖንጅ ውሃ መያዝ ነው። ውሃም ማዳበሪያም በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጡ።

ፒኤች የሚባለው ነገር ያን ያህል ያሳስባል?

ያሳስባል። ምክንያቱም ምግብ አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሊራብ ይችላል። ፒኤች አፈሩ ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) እንደሆነ የሚናገር ልኬት ነው፤ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል፣ 7 መሃሉ ነው። አንድ ቁጥር ሲለወጥ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይለወጣል። ስለዚህ በ5 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ለአብዛኛው አትክልት ከ6.0 እስከ 7.0 ይስማማል። ከዚያ በጣም ከወረደ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አሉሚኒየሙም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል። በጣም ከወጣ ደግሞ ፎስፈረሱን ካልሲየም ይይዘዋል፣ ብረትና ዚንክም ለሥር አይደርሱም። ሃይድሬንጂያ የሚባለው አበባ ይህን በዓይን ያሳያል። አንዳንድ ዓይነቶቹ አሲዳማ አፈር ላይ አሉሚኒየም ስለሚያገኙ ሰማያዊ ያብባሉ፣ አልካላይን አፈር ላይ ሮዝ።

ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ አረፋ መፈለግ የተለመደ ሙከራ ነው። አረፋ ከወጣ አፈሩ ውስጥ ኖራ መሰል ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ አይነግራችሁም። ትክክለኛውን ለማወቅ ላቦራቶሪ ይሻላል። ከጓሮው ከ10 ያህል ቦታ እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ትንሽ ትንሽ ወስዳችሁ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉና ከዚያ ላኩ። ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ አፈር ስለዚያች ቦታ ብቻ ነው የሚናገረው።

አሲዳማ ሆኖ ከተገኘ የደቀቀ ኖራ ያስተካክለዋል። መጠኑ በአፈሩ ዓይነት ይወሰናል፤ ሸክላ ከአሸዋ ይልቅ ብዙ ይፈልጋል። ለመሥራትም ወራት ይወስዳል፣ ስለዚህ ከመትከል አስቀድማችሁ ቀላቅሉት። አልካላይን ከሆነ ድኝ ጥቅም ላይ ይውላል። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል። ሳይለኩ ኖራ መበተን ግን አደራ፣ ይቅር።

ኮምፖስት እቤት ላዘጋጅ ብዬ ሸተተብኝ። ምን አጠፋሁ?

እርጥቡ ነገር በዝቶባችኋል፣ አየርም አጥሯል። ኮምፖስት የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። ለጉልበት ካርቦን፣ ለሰውነት ግንባታ ናይትሮጂን ይፈልጋሉ። የሚመቻቸው ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የተቀደደ ካርቶን ካርቦን አላቸው። የአትክልት ልጣጭ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ፍግ ናይትሮጂን አላቸው። በሚዛን መለካት አያስፈልግም። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ብላችሁ ጀምሩ።

ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ ይሁን፤ እፍኝ ይዛችሁ ስትጨምቁ ጠብ ጠብ ካለ በዝቷል። በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እጃችሁን ብትሰዱ ያቃጥላል። ይህ ሙቀት ብዙ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። ግን የሚሞቀው መሃሉ ስለሆነ፣ ጠርዙ ወደ መሃል እንዲገባ እየገለበጣችሁ አዋህዱት። መገልበጡ አየርም ያስገባል።

ከሸተተ ገልብጡና ደረቅ ነገር ጨምሩ። ምንም ካልሞቀ ውሃ ወይም እርጥብ ነገር አንሶታል። ሥጋ፣ ዘይት፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር አታስገቡ። የታመመ ተክልና ዘር የያዘ አረምም ክምሩ በትክክል እንደሚሞቅ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ይቅር።

እየገለበጡ ቢከታተሉት በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል። ዝም ብለው ቢተዉት እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፣ አፈር አፈር ይሸታል፣ ምን ከምን እንደተሠራም አይለይም። ያልደረሰውን ለችግኝ አትስጡ። መበስበሱን ለመጨረስ የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማል፣ ለጋ ሥርም ይጎዳል።

ስንት ልጨምር ለሚለው፦ አዲስ መደብ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አንጥፋችሁ ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር አዋህዱት። ከዚያ በኋላ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ላዩ ላይ መበተን ይበቃል። «ኮምፖስት ነው፣ ምን ይጎዳል» ብሎ በየወቅቱ መከመር ፎስፈረስና ጨው ያከማቻል።

ፍግን እንዳለ መሬት ላይ ማድረግ ይቻላል?

ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ በተለይ የዶሮው ኃይለኛ ነው። በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ሰላጣና ካሮት የመሳሰሉ መሬት ነክተው የሚበሉ ነገሮች ከተተከሉ፣ ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ እስከ መሰብሰቢያው ቢያንስ 120 ቀን ይለፍ። መሬት ለማይነካ ምርት 90 ቀን። ቁጥሮቹ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ምርት ደንብ ያስቀመጣቸው ናቸው፣ ለቤት ጓሮም ጥሩ መመሪያ ናቸው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ፍጉን ኮምፖስት ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። እንስሳው የበላው ሣር አሚኖፒራሊድ የመሰለ የአረም መድኃኒት ተረጭቶበት ከሆነ፣ መድኃኒቱ በሆድ አልፎ ፍጉ ውስጥ ይቆያል። ኮምፖስት ሲሆንም ቶሎ አይጠፋም። ቲማቲምና ባቄላ ላይ ጉዳቱ ከባድ ነው። ምንጩን የማታውቁት ፍግ ከሆነ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ማሰሮ ውስጥ ባቄላ ዝሩበት። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠል ከተጠማዘዘ ወይም እንደ ጽዋ ከታጠፈ፣ ያን ፍግ ጓሮ አታስገቡ።

አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላስ?

የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ ፒኤችንም ከፍ ያደርጋል። አሲዳማ አፈር ላይ በስሱ ይበተን። ቀለም ከተቀባ ወይም መድኃኒት ከተነከረ እንጨት የመጣ አመድ አይሆንም። ከዩሪያ ጋርም አንድ ላይ አታድርጉት፣ ናይትሮጂኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል።

የእንቁላል ቅርፊት ካልደቀቀ ዓመታት ይቆያል። የቲማቲም ቂጥ ሲጠቁር ቅርፊት የሚቀብሩ ብዙዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ። ፍሬው ያላገኘው ውሃው አንዴ ሞልቶ አንዴ ስለሚቋረጥ ነው። ውሃውን እኩል አድርጉት።

የቡና አተላ ኮምፖስት ውስጥ ግሩም ነው። ተፈልቶ የቀረው አተላ እንደሚባለው በጣም አሲዳማ አይደለም። ላዩ ላይ በወፍራሙ ማንጠፍ ግን ደርቆ ውሃ ያግዳል።

በየወቅቱ መቆፈር አለብኝ?

መደቡ አንዴ ከተስተካከለ አያስፈልግም። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ዶማዬን ሳሳርፍ ነው። ከ10 የመሬት ዕፅዋት 8ቱ ያህል ማይኮራይዛ ከሚባሉ ፈንገሶች ጋር ይኖራሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፣ ፈንገሱ ውሃና ፎስፈረስ ያመጣለታል። ቁፋሮ እነዚህን ክሮች ይበጣጥሳል። የትል ጉድጓዶችን ያፈርሳል። የተቀበረ የአረም ዘርንም ወደ ብርሃን ያወጣል።

የተጠቀጠቀ መሬት መጀመሪያ ላይ መላላቱ ግድ ነው። እሱንም በርጥብ አትንኩ። እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ በጣታችሁ ንኩት። ከተፈረፈረ ቆፍሩት። እንደ ጭቃ ኳስ ከቆየ ተዉት፣ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። መደቡን ከሁለቱም ጎን እጅ በሚደርስበት ስፋት፣ 1.2 ሜትር ያህል አድርጉትና ላዩ ላይ አትቁሙ።

ጉዝጓዝ ምን ይጠቅማል?

ጉዝጓዝ የምለው አፈሩ ላይ የሚነጠፍ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ነው። ውሃ እንዳይተን ያደርጋል፣ አረም ያፍናል፣ የዝናብ ጠብታ ፍርፋሪውን እንዳያፈርሰው ይከላከላል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከግንዱ ፈንጠር አድርጉት፣ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። ሰጋቱራ ላዩ ላይ ከተነጠፈ ችግር የለውም፣ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ግን ናይትሮጂን ይሻማል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ምን ልጨምርለት?

መጀመሪያ የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዩ። ናይትሮጂን በተክሉ ውስጥ ይጓዛል። ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት አይጓዝም። ሲያንስ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ይቀራል። የአሮጌ ቅጠል ጠርዝ ተቃጥሎ ከታየ ፖታሲየም፣ ሐምራዊ ከሆነ ፎስፈረስ ይጠረጠራል። ሁሉም ምልክት ግን ከውሃ ብዛትና ከሥር መጎዳት ሊመጣ ስለሚችል አካፋውን አትርሱ።

የኬሚካል ማዳበሪያ አፈር ይገድላል?

በልክ ከሆነ አይገድልም። ተክሉ ናይትሬቱ (ሥር የሚስበው የናይትሮጂን ዓይነት) ከከረጢት ይምጣ ከብስባሽ አይለይም። ችግሩ ከረጢቱ ተክሉን እንጂ አፈሩን አለመመገቡ ነው፤ ፍርፋሪ አይሠራም፣ ትል አያበላም። ከረጢቱ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም ናቸው። ፎስፈረስ የሞላው አፈር ላይ ሌላ ፎስፈረስ መጨመር ማይኮራይዛን ያዳክማል። የተረፈውም ታጥቦ ወንዝና ሐይቅ ይበክላል።

ውሃ ይቋጥርብኛል።

30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 30 ስፋት ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ይስረግ። እንደገና ሙሉትና በሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቦታው ውሃ በደንብ አያሳልፍም ማለት ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩት። ማሰሮ ታች ጠጠር ማድረግ ግን አይረዳም፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ እርጥቡን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ቀዳዳ ያለው ማሰሮና የላላ አፈር ይበቃል።

ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። አፈሩ የተበከለ ቢሆንስ?

የአሮጌ ቤት ግድግዳ ጥግ፣ የዋና መንገድ ዳር፣ የጋራዥ ቦታ ከሆነ እርሳስ የተባለውን ብረት አስመርምሩ። ለዓመታት ቀለምና ቤንዚን ውስጥ ነበር። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ ሽያጩ የቆመው በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ አፈር ላይ የወደቀው ግን አይበሰብስም። ዋናው አደጋ አቧራው በአፍ መግባቱ ነው፣ በተለይ ለልጆች። ካለ ንጹሕ አፈር የተሞላ ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ባዶውን መሬት በጉዝጓዝ ሸፍኑ፣ እጅና ሥራ ሥሩን በደንብ እጠቡ።

ለውጡን መቼ አያለሁ?

ላዩ በአንድ ወቅት ይለሰልሳል። ለውጡ አካፋው እስከሚደርስበት ጥልቀት እንዲወርድ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቁ። በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ወር ጉድጓዱን ቆፍሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ትሎቹን ቁጠሩ፣ ሥሩ የት እንደደረሰ በሜትር ለኩና ጻፉ። አዲሱን ጉድጓድ ከዓምናው አንድ ክንድ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩት፤ አንዴ የተቆፈረ አፈር ከዙሪያው የላላ ስለሚሆን ያሳስታችኋል።